ትርንጎ ያየቻቸው ደሴቶች

ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር በበርበሬና በሽሮ ዕቃ ላይ የምለጥፋት ቁራጭ ወረቀት፣ ሲበዛ ደግሞ ለልጆቼ የላክኋቸው የሰላምታ ደብዳቤዎች ናቸው። ሰው ፊት መናገርም ከልጅነቴ አልሆነልኝም። የማኅበር ተራዬ ሲደርስ «ቤት ለእንግዳ» ለማለት እንኳ አስቀድሜ ጓዳ ገብቼ የምለማመድ ሴት ነኝ። ሰባ ዓመት አልፎኝ የልጅ ልጄን ደብተር ለምኜ መስኮት ሥር የተቀመጥኩት አንድ ሽታ ዕረፍት ስለነሣኝ ነው።

ባለፈው ግንቦት የልጅ ልጄ ለጓደኛዋ ሠርግ ስትዘጋጅ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ ፀጉር ቤት ይዛኝ ገባች። እኔ ጥግ ያለ ወንበር ላይ ነጠላዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ፀጉር ሠሪዋ ከጠርሙስ ዘይት መዳፏ ላይ አፍስሳ አሸችና የልጅቱን ፀጉር ትቀባ ጀመር። ሽታው እንደ ወተትም፣ እንደ ለውዝም፣ ፀሐይ እንዳሞቀው እንጨትም ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ የኮኮናት ቅባት ነው፣ ለእርስዎም ትንሽ ላድርግልዎት ወይ አለችኝ። ነጠላዬን ወደ ፀጉሬ ሳብኩ። ከጎኔ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ደግሞ ዱባይ ያለች እህቷን ፎቶ በስልኳ ታሳይ ነበር። እህትየዋ ከነባሏ ከነልጆቿ ፎቅ በሚያህል ነጭ መርከብ ከደሴት ደሴት ትዞራለች፤ ልጆቹ ኮፍያ ደፍተው ከሰማያዊ ውኃ ዳር ቆመዋል። ሴቶቹ ስልኩን እየተቀባበሉ «ስታስቀና» ይላሉ። እየሣቁ ነው የሚሉት። ቃሉ በአፋቸው እንዲህ መቅለሉ ገረመኝ። እኔ ስድሳ ዓመት ያህል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤው ኖሬአለሁ።

ያን ጊዜ ንጉሡ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፤ የሠራቸው ቤቶች ግን ቢጫ ቀለማቸው ገና አልለቀቀም፣ ሰዉም «ማኪና» ማለቱን አልተወም። አሁን ባጃጅ እንደ ንብ የሚርመሰመስበት የፒያሳ አደባባይ ያኔ በቀን አራትና አምስት ማኪና ቢያልፍበት ነው፤ የአንዱን ጡሩምባ ከሌላው ለይተን እናውቅ ነበር። ዶሮ በሽልንግ ትገዛለች። ዕንቁላል አምስቱ በአሥር ሳንቲም ነው። በአምስት ሳንቲም አፍ የሚሞላ ቀይ ከረሜላ ይገኝ ነበርና እሱን የመጠጠች ልጅ ቀኑን ሙሉ ምላሷን እያወጣች ስታሳየን ትውላለች። ከአንዱ ቡና ቤት የሚሰማው ግራማፎን ሸክላው ስለተጫረ ዘፈኑ አንድ ቦታ ሲደርስ ይንተባተባል፤ እኛ ልጆቹ ዘፈኑን ስንዘፍነው መንተባተቡንም ጨምረን ነበር። እስከ ዛሬ ያ ዜማ በአፌ ሲመጣ እዚያች ቦታ ላይ ሳልወድ እንተባተባለሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ወዲያ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያለ የሣር ቤት ነው። የአባቴ የንስሐ ልጅ የነበሩት ግራዝማች ወርቅነህ ግን አራዳ ላይ ባለአንድ ፎቅ ቆርቆሮ ቤት ነበራቸው፤ ቆዳና ሰሊጥ በሁለት ካሚዮን አስመራ እያደረሱ ይሸጣሉ። የእሳቸው ልጅ ናት ትርንጎ። እሷና እኔ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። እሷ ባለአበባ ቀሚስ፣ ነጭ ካልሲ፣ ጥቁር ባለማንገቻ ጫማ። እኔ እናቴ አንገቱን በቀይ ክር የጠለፈችልኝ የአቡጀዴ ቀሚስ፤ ጫማዬ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ከሣጥን ይወጣል። ሒሳብ እኔ እሠራላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ለእኔ ታወራልኛለች። መምህሩ አንድ ነገር ሲጠይቀኝና እኔ አንገቴን ስደፋ «ታውቀዋለች የኔታ፣ አፍራ ነው» ብላ መልሱን ከደብተሬ አንብባ የምትነግርልኝ እሷ ነበረች። ወደድኳት። እንዲህ የምትወደድ ልጅ መሆኗ ራሱ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ግራዝማች ቤተሰባቸውን ይዘው በመርከብ ለሽርሽር ሊሄዱ ነው ተባለ። ምጽዋ የሚያውቁት አንድ የመርከብ ወኪል ሰውም ዕቃም የሚጭን መርከብ እንዳለውና ወደ ሞቃቱ ባሕር ወርዶ ደሴት በደሴት እያረፈ እንደሚመለስ ነግሯቸው ኖሯል። ጎንደር ይህን ለመዋጥ ተቸገረች። በእኛ አገር ሰው ለንግድ ይሄዳል፣ ለሙግት ይሄዳል፣ ለለቅሶና ለስለት ይሄዳል፤ ሚስትና ልጅ ጭኖ ባሕር ሊያይ ብቻ የሚሄድ ግን አልተሰማም። ደሴት የምናውቀው ደግሞ የጣናን ነው። የጣና ደሴት ገዳም አለበት። ስለዚህ ሰዉ መክሮ፣ ግራዝማች አፋቸው ሽርሽር ይበል እንጂ ገዳም ሊሳለሙ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ሴቶች ጧፍና ሻማ እየያዙ ወይዘሮ ስንዱ ዘንድ፣ የትርንጎ እናት ዘንድ ማለቴ ነው፣ ይጎርፉ ጀመር፤ ለደሴቱ መነኮሳት አድርሱልን እያሉ። ወይዘሮ ስንዱም መነኩሴ ይኑር አይኑር ስለማያውቁ ተቀብለው አንድ ሣጥን ሞሉ። አንዲት ጎረቤታችን የፈርዖን ሠረገላ ጎማ ከውኃው በታች ይታይ እንደሆነ አይተው እንዲነግሯት አደራ አለች።

ከዚያ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ግራዝማች ቤታችን መጡ። ትርንጎ ደብሬ ካልሄደች፣ እኔን ማለቷ ነው፣ አልሄድም ብላ አልቅሳባቸው ኖሯል። ለአባቴ፣ ልጅቱ ትከተለንና ትንሹን ልጄን አዱኛን እየያዘች ትሂድ፣ ለወጪዋ እኔ አለሁ አሉ። አባቴም እሷው ትጠየቅ ብለው ጠሩኝ። በራፉ ላይ ቆምኩ። ግራዝማች ዞር ብለው «ደብሬ፣ ባሕር ትሄጃለሽ ወይ?» አሉኝ።

በእኛ ቤት ልጅ እንኳን ባሕር ቁራሽ ዳቦ ሲሰጣት መጀመሪያ «ይቅርብኝ» ማለት አለባት። ሰጪው «በሞቴ» ይላል። ሁለተኛም ታንገራግራለች። በሦስተኛው በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ትነሣለች። በአንደኛው እሺ ያለች ልጅ እናቷን ታሰድባለች። እኔ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ መሬት መሬት እያየሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። ግራዝማች ግን ከአስመራ ነጋዴ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚያ አዎ ወይም አይደለም ነው። ጥቂት ጠበቁኝና፣ እንግዲህ ካልፈለገች አናስገድዳትም ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ለዶሮዎቹ እሺ፣ እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ አልኳቸው።

በማግሥቱ ትርንጎ ትምህርት ቤት በር ላይ ያዘችኝ። «ምነው ዝም አልሽ? አንድ ቃል አይደል እንዴ?»

«ይደግሙታል ብዬ ነው» አልኳት።

ሣቀች። እንባዋ እስኪመጣ፣ ሆዷን ይዛ ሣቀች። ክፋት አልነበረበትም። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የነበረኝ ነገር ፍቅር ብቻ አልነበረም። እናቴ ምሳ አልበላም ስላት ነገሩ ገብቷት፣ ምነው ልጄ፣ ሴት ደሴት አትገባም እኮ፣ ብትሄጂም ዳር ቆመሽ ትቀሪ ነበር አለችኝ። እኔም እሱን ይዤ ለጥቂት ቀን ተጽናናሁ። ትርንጎ ዳር ቆማ ስትቀር እያሰብኩ።

የባሰው የመጣው በልብሱ ነው። ትርንጎን ወባ ጣላት። ግራዝማች ደግሞ ለመንገዱ ሦስት ቀሚስ እንዲሰፋላት አዘው ነበር፤ ቀኑ ደርሷል፣ ልጅቱ ከአልጋ አትነሣም። ወይዘሮ ስንዱ የሁለታችንም ልክ አንድ ስለሆነ እኔን አስጠሩኝና ልብስ ሰፊው የትርንጎን ቀሚሶች በእኔ ገላ ለካቸው። አራዳ፣ አሁን የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት ረድፍ ላይ፣ በእግር መርገጫ የሚዘውረውን የሲንጀር ስፌት መኪና በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሰፋ ሰው ነበር። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ባለነጥብ፣ አንዱ ነጭ ነው። በመርፌ ቁልፍ እያያዘ አዙሮ አዙሮ አየኝና፣ ሸጋ ነው፣ ልክ ለአንቺ የተሠራ ነው አለኝ። ቢጫውን ሲያወልቅልኝ አንዷ መርፌ ጎኔን ጫረችኝ። ጭረቱ እስኪድን በየቀኑ እያየሁት ነበር።

እነሱ የሚነሡት በሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ፍልሰታ ጾም የሚይዛቸው ባሕር ላይ ነው። ፍልሰታን በእኛ አገር ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን ሁሉ ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀመስም። ወይዘሮ ስንዱ በዚያ መንገድ ልጆቹን ምን እንደሚያደርጉ ለነፍስ አባታቸው፣ ለአባቴ ማለት ነው፣ ጥያቄ አቅርበው መልስ ይጠብቁ ነበር። አባቴ ችኩል ሰው አይደሉም። መጽሐፍ አገላበጡ፣ ከመምህራቸው ጋር ተማከሩ፣ ሳምንት ቆዩ። መንገደኞቹ በሚነሡበት ቀን ጠዋት እሳቸው ሰሞነኛ ስለነበሩ ከቤተ ክርስቲያን መውጣት አይችሉም፤ ቅጽሩ በር ላይ አስጠሩኝ። «ሂጂና ለወይዘሮ ስንዱ እንዲህ በያቸው። ልጆቹን ፈትቻለሁ፣ ከባሕር እስኪመለሱ ጾም የለባቸውም። ያችም ልጅ ከወባዋ ገና አልጠናችም፣ ወተት ትጠጣ።» እስክደግመው ድረስ ጠበቁኝ። ደገምኩት። አንድ ቃል አልሳትኩም።

ቀሐን ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ እየደገምኩት ነበር። አራዳ ስደርስ ግማሹ ከተማ ከግራዝማች ደጅ ተሰብስቧል። ሾፌሩ አያ ሙሉ ገመድ ያጠብቃል። አንድ አዝማሪ ከማኪናው ጎማ ላይ እግሩን ጭኖ እንዲህ ይላል፦

ጣናን ያየ ሁሉ ባሕር አየሁ ይላል፣
ግራዝማች ወርቅነህ ጨው ሊቀምስ ይሄዳል።

ትርንጎ ከጋቢናው መስኮት ብቅ ብላለች። ቢጫውን ቀሚስ ለብሳለች። ወባው ስላከሳት ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል፤ ያ የእኔ ትከሻ ነው፣ የእኔ ወገብ ነው። በእኔ ቦታ ከአዘዞ የመጣች የአክስቷ ልጅ ትንሹን ልጅ ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ስትጠየቅ በአንደኛው እሺ ያለች ልጅ። ወይዘሮ ስንዱ ገና ሲያዩኝ ወደ እኔ መጡ።

«መጣሽ ደብሬ? ቄሱ ስለ ጾሙ ምን አሉ?»

አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ትርንጎ ከላይ ሆና «ደብሬ፣ ምን ላምጣልሽ? ከፈለግሽ አንድ ደሴት ጠቅልዬ አመጣልሻለሁ» አለችኝ። የቆመው ሰው ሁሉ ሣቀ፣ አዝማሪው ሳይቀር። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ ሰው ሲያየኝ ድምፄ የሚጠፋ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ድምፄ አልጠፋም፤ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይጹሙ ብለዋል» አልኩ።

ወይዘሮ ስንዱ አማተቡ። እሳቸውም ያሰቡት ይህንኑ እንደነበር፣ የነፍስ አባታቸው ቃል እንዳጸናቸው ተናገሩ። ማኪናው ወደ ደባርቅ መንገድ ዞሮ እስኪጠፋ ቆምኩ። ሊማሊሞን ወርደው፣ አዲ አርቃይን አልፈው፣ ተከዜን ተሻግረው ምጽዋ እንደሚደርሱ አውቃለሁ፤ መምህሩ ካርታው ላይ አሳይቶናል፤ ከምጽዋ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ነው። አባቴ ነገርሻቸው ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ቀን ከሌት ይዘንባል፣ ቀሐ ይሞላል፣ ልጆች ጠዋት ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው ለቅዳሴ ይሄዳሉ። በልጅነቴ የምወደው ወራት እሱ ነበር። ያን ዓመት ግን ሕፃናቱ ሁሉ ሲቆርቡ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደወል የተቀቀለ ሽምብራ ፊቴ ተቀምጦ፣ አሁን እሷም ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እየጠበቀች ነው፣ ትራብ እንጂ፣ ባሕሩን እያየች አይደለም ወይ እል ነበር። እንዲህ ስል ደግሞ ባሕሩ ይታየኛል። ባሕሩ ሲታየኝ ጸጸቴ ይጠፋል። ቅናት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ልክ ልታዝኚ ስትይ ሥዕል ያሳይሻል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ትርንጎ መንምና፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ ዓይኗ ብቻ ትልቅ ሆኖ ነበር። ሰው የባሕር ነፋስ ነው አለ። እሷ ግን በፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ማውራት ጀመረችና ሳምንት ሙሉ አላቆመችም። ቅርንፉድ የሚበቅልባት ደሴት አለች፤ መርከቡ ገና ሳይደርስ ሽታዋ ይቀበልሻል አለች። ሴቶቹ ቀይና ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ዓሣ በራሳቸው ተሸክመው ይዘፍናሉ። አንዲት ደሴት ላይ ኤሊው ሁለት ልጅ ያፈናጥጣል። የዛፉ ፍሬ ሲሰበር ውስጡ ወተት አለው፣ ዝናቡ እንደ ገላ ውኃ ለብ ያለ ነው። ፀሐይ ስትገባ ባሕሩ የእሳት መልክ ይዞ፣ አንዲት ወፍ በእሱ መካከል በእግሯ ትሄዳለች አለች። ከአይከል ቅቤ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ አህያቸውን አስረው ይሰሟት ነበር። ስለ ገዳሙ ሲጠይቋትም አላፈረችም፤ ሻማው ምጽዋ ላይ ሁሉም ቀልጦ አንድ ትልቅ ሻማ ሆነ፣ እሱን ባሕሩ ላይ አብርተን ለቀቅነው አለች። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ከኋላ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል ለቀም አድርጌ ይዤ ሄጄ ማታ አልጋዬ ላይ ደርድሬ እቆጥራታለሁ። ወፏ በተለይ አስተኝታኝ አታውቅም። ለእኔ በጣት የምታህል ጠርሙስ የኮኮናት ዘይት አምጥታልኝ ነበር። አመሰገንኳትና ሣጥን ሥር ከተትኩት፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቀባሁትም፣ ሸትቶ ተጣለ።

ወይዘሮ ስንዱ አባቴን ሊያመሰግኑ መጥተው፣ አንዲት ቀን ሳንገድፍ ጾምን አባ፣ አሉ ኮራ ብለው። አባቴ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ሞሰቡን የያዝኩበት እጄ ላይ ነበር ዓይናቸው። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ጾማችሁን ይቀበል አሉ። እኔንም አልጠየቁኝም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው አባቴ መልእክት ልከውኝ አያውቁም።

ከዚያ ትርንጎ ለትምህርት አስመራ ሄደች፣ እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተዳርኩ። ዘመን ተገለበጠ፤ ማን ማንን እንደገለበጠ እኔ አልናገርም፣ የሚያውቁት ይጻፉት። ካሚዮኖቹ ተወሰዱ፣ ፎቁ ለሰው ተከፋፈለ፤ ግራዝማችና ወይዘሮ ስንዱ ተከታትለው አለፉ፣ ወንድሟ አዱኛም የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ትርንጎ ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለት ጊዜ ፈትታ፣ ልጅ ሳይኖራት፣ በአንድ ሻንጣ ተመልሳ ከአባቷ ቤት ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት እንገናኛለን፤ እንዴት ነሽ ደኅና ነሽ እንባባላለን። እኔ አምስት ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የራሴ ቆርቆሮ ቤት አለኝ። ይህን ሁሉ ይዤ፣ ጎባጣዋ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ባየኋት ቁጥር፣ ይህች ሴት ወፍ በእሳት ላይ ስትሄድ አይታለች እላለሁ።

ከፀጉር ቤቱ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ፍልሰታ እስኪገባ እንደምንም ቆየሁና አንድ ቀን ከሰዓት ንፍሮ በሳህን ይዤ ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ በርሜል ውኃ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሹራብ አለ። ደነገጠች፤ ቤቷ መጥቼ አላውቅም። ንፍሮውን ስንቆረጥም ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና፣ እስቲ ያን የቅርንፉዱን ደሴት ንገሪኝ አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች። «ደብሬ» አለችኝ፣ «እኔ ደሴት አላየሁም።»

ከዚያ ነገረችኝ። ምጽዋ ሲደርሱ ወባው አገረሸባት። በዚያ ወራት ባሕሩ የሚቆጣበት ነው፤ መርከቡ ሆድ ውስጥ ካለች ጠባብ ክፍል አስገብተው አስተኟት፣ መስኮቷ ማዕበል እንዳይገባ የተዘጋ ነው። የመርከቡ ሐኪም፣ ሽበታም ፈረንጅ፣ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞ ይመጣ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በእጃቸው ወደ ሰማይ እያሳዩ፣ የነፍስ አባታችን ይጹሙ ብለዋል እያሉ ይመልሱታል። «ወተቱ በበሩ ሲወጣ አየው ነበር» አለችኝ። አንድ ቀን ስትነቃ እናቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ ቀስ ብለው ሲያለቅሱ ሰማች። ደሴት በደረሱ ቁጥር ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ አዱኛ ተመልሶ ደጇ ላይ ቆሞ፣ ዛፍ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ሙቀት ነው ይላታል። ከዚህ በቀር የነገራት የለም። ሌላውን ሁሉ ተኝታ የሠራችው እሷ ናት። ኤሊውን፣ ወፏን፣ ባሕር ላይ የተለቀቀውን ሻማ።

ለምን እንዲያ እንዳደረገች ጠየቅኋት።

«ማኪናው ሊነሣ ሲል ፊትሽን አየሁት» አለች። «እንደዚያ አድርጎ የቀናብኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ትውከት ላይ ተኝቼ አስብሽ ነበር። ደብሬ እዚያ ጎንደር ሆና እየቀናችብኝ ነው፣ ሄጄ ምንም አላየሁም ብላት ያ ሁሉ ቅናት ባክኖ ይቀራል አልኩ።»

እግዚአብሔር ያየኛል፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አልነበረም። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ዓይኗን ስመኝ፣ ዓይኗ ምንም አላየም። ያየችው ልቧ ነው። እኔ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብተኛ የማየው ጣሪያ ብቻ ነው። እንኳን አይታ ሳታይም ትበልጠኛለች ብዬ፣ በዚያች ምስኪን ክፍል፣ በሰባ ዓመቴ፣ እንደ አዲስ ቀናሁባት። ከዚያ ነው ወተቱ የመጣብኝ። በየጠዋቱ እየመጣ የሚመለሰው።

መናገር ጀመርኩ፣ አላቆምኩምም። አባቴ ይጹሙ እንዳላሉ፣ ፈትተዋት እንደነበር፣ ወተት ትጠጣ ብለው እንደላኩኝ፣ ቃላቸውን አንድ ሳልስት ደጇ ድረስ ይዤ እንደመጣሁ ነገርኳት። ትርንጎ መነጽሯን አላደረገችም። ንፍሮ የያዘ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ውጪ ነጎድጓድ ከወደ ቀሐ ይሰማል።

«ወተቱን የከለከልሽኝ አንቺ ነሻ» አለች በመጨረሻ።

እኔ ነኝ አልኳት።

ከዚያ ዓይኗን አጥብባ፣ እንደ ድሮው እንደ ዴስኳችን ጊዜ፣ ፊቴን ስትመረምር ቆይታ «አሁንስ ትቀኚብኛለሽ?» አለችኝ።

ክፍሏን አየሁ። አልጋውን፣ በርሜሉን፣ ሹራቡን። ውሸት መናገር ቀላል ነበር፣ ደግነትም ይመስል ነበር። አዎ አልኳት።

ትርንጎ የሳህኔን ንፍሮ ወደ ራሷ ሳህን ገልብጣ አስቀረች፤ ባዶውን አብሳ በእጄ ሰጠችኝ። በሩ ድረስ ልትሸኘኝ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። «በይ ሂጂ፣ ዝናቡ ሳይይዝሽ። ይቅር ማለቱን አስብበታለሁ። ነገ ግን እንዳትቀሪ፤ ካንቺ ሌላ የቀናብኝ ሰው የለኝም።»